የአሲድ ባትሪ ሙላትና አወራረድ፦ ጎጃም ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሶላር ያስገባ ቤት ውስጥ ቀድሞ የሚሞተው ባትሪው ነው። የሶላር ሰሌዳው ጣሪያ ላይ 20 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያል። ባትሪው ግን ሁለት ክረምት ሳይሻገር የሚወድቅበት ቤት ብዙ ነው። ከደጀን እስከ ዳንግላ፣ ከሞጣ እስከ ቡሬ በዘመድ በወዳጅ ቤት ስዞር የማየው ይህንኑ ነው። ያንገበግበኛል። አብዛኛው ባትሪ አርጅቶ አይደለም የሚሞተው፤ ተርቦ ነው። የሚጠይቁኝ ሰዎች ጥያቄ ስለሚመሳሰል መልሱን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። የማወራው ስለ ከባዱ ባትሪ ነው፤ ውስጡ እርሳስና አሲድ አለው፣ ለመኪናም ለሶላርም ለዩፒኤስም (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተር ለሚያቆየው ዕቃ) እንጠቀምበታለን። ሊቲየም ሌላ ጠባይ አለው፤ እዚህ የተጻፈው ቁጥር ለእሱ አይሠራም።

ባትሪዬ ምን ያህል እንደሞላ በምን ልወቅ?

በቴስተር፣ ቮልት በሚለካው ትንሽ ዕቃ። ባትሪ ለገዛ ሰው የቴስተር ዋጋ ኢምንት ነው፤ በአንድ ነጥብ ቁጥር የሚያሳይ ዲጂታል ይሁን። ዲሲ ቮልት ላይ አድርጉት። ቀዩን ጫፍ ፖዘቲቩ ላይ፣ ጥቁሩን ኔጋቲቩ ላይ ያዙ።

ባለ 12 ቮልት የምንለው ባትሪ ውስጡ ስድስት ክፍል አለው። እያንዳንዱ ክፍል ሲሞላ 2.1 ቮልት ገደማ ይሰጣል። ስለዚህ ሙሉ ባትሪ 12 አይደለም የሚያሳየው፤ 12.6 ወይም 12.7 ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «12 ቮልት አለው እኮ፣ ደህና ነው» ይላል። ደህና አይደለም። ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ አርፎ ሲለካ በግምት እንዲህ ይነበባል፦

12.7 ቮልት፦ ሙሉ
12.4 ቮልት፦ ሦስት አራተኛ
12.2 ቮልት፦ ግማሽ
12.0 ቮልት፦ ሩብ
11.8 ቮልትና ከዚያ በታች፦ ባዶ

የታሸገው፣ «ደረቅ» የምንለው ባትሪ፣ ሲሞላ ትንሽ ከፍ ብሎ 12.8 ወይም 12.9 ያሳያል። ልብ በሉ፤ በሙሉና በባዶ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ቮልት እንኳ አይሞላም። ነጥቧ ናት ወሬውን የምትነግራችሁ።

ውሃ የሚጨመርበት ከሆነ ከቴስተር የበለጠ የሚታመን ዕቃ አለ፤ ሃይድሮሜትር። አሲዱን መጥጦ ክብደቱን ያሳያል። 1.265 አካባቢ ሙሉ ነው፣ 1.190 ግማሽ፣ 1.120 ባዶ። ጥቅሙ ስድስቱንም ክፍል ለየብቻ ማየታችሁ ነው። አምስቱ 1.250 አሳይተው አንዱ ብቻ 1.180 ካለ፣ የታመመውን ክፍል አገኛችሁት ማለት ነው።

ማታ 13 ቮልት ያሳየኝ ባትሪ ጠዋት 12.2 ሆኖ አገኘሁት። ማን ነው የበላው?

ማንም ላይበላው ይችላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? ከቻርጅ የወረደ ባትሪ ላይ የሚታየው ቁጥር የላይ የላዩን ነው። ሙላቱ ገና ባትሪው ውስጥ ወዳሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች አልዘለቀም። ሰዓታት ሲያልፉ ይረጋና እውነተኛው ቁጥር ይወጣል።

ተቃራኒውም አለ። ቴሌቪዥን እየሠራ ብትለኩት 11.9 ሊያሳያችሁና ልትደነግጡ ትችላላችሁ። ሁሉን አጥፍታችሁ ብትጠብቁ 12.3 ላይ ተመልሶ ይቆማል። ስለዚህ ባትሪ የሚለካው አርፎ ነው። ቢያንስ ሁለት ሰዓት፣ ቢቻል ሌሊቱን ሙሉ። ለእኛ ቤት የሚመቸው ሰዓት ጎህ ሲቀድ ነው፤ ፀሐይ ሰሌዳውን ሳትመታው፣ አምፖሉ ሁሉ ጠፍቶ። እኔ ያንን ቁጥር ቀኑን ጽፌ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ። ከሳምንት ሳምንት ሲወርድ ካያችሁት የምታወጡት ከምታስገቡት በልጧል።

100 አምፔር ሰዓት የሚል ባትሪ ገዝቼ ለምን ግማሹን ብቻ ልጠቀም? ለሙሉው አይደል የከፈልኩት?

ይህን ጥያቄ የማይጠይቀኝ የለም፤ ቅሬታውም ይገባኛል። አምፔር ሰዓት ማለት ባትሪው የሚይዘው የኤሌክትሪክ መጠን ነው።

የጎጃም ገበሬ ጎተራው ውስጥ ያለውን እህል ሁሉ አይበላም። ለዘር የሚሆነውን ይለያል። ቢቸገርም ሌላ መላ ይፈልጋል እንጂ እሱን አይነካም። የባትሪው የታችኛው ግማሽ ዘር ነው። መብላት ይቻላል፤ ማንም አይከለክላችሁም። የሚጎድለው በኋላ ነው።

ውስጡ የሚሆነው እንዲህ ነው። ባትሪው ሲሠራ አሲዱ ከእርሳሱ ጋር ይዋሃድና ሰሌዳዎቹን ሰልፌት የሚባል ነገር ይሸፍናቸዋል። አሲዱ እየቀጠነ ወደ ውሃ ይጠጋል። ስትሞሉት ሰልፌቱ ተፍቆ ወደ አሲዱ ይመለሳል። ሰልፌቱ ትኩስ እያለ ለስላሳ ነው፣ በቀላሉ ይመለሳል። ከቆየ ግን ይጋገራል። የጋገረውን ቻርጀር አያነሳውም። በዚያ የተሸፈነው የሰሌዳ ክፍል ለባትሪው ሞተ ማለት ነው። 100 የነበረው 70 ይሆናል፣ ቀጥሎ 40። «ቻርጅ ቶሎ ይሞላል፣ ቶሎ ያልቃል» የሚባለው በሽታ ይኸው ነው። ቶሎ የሚሞላው ዕቃው ስለጠበበ ነው።

ሁለት ነገር አትቀላቅሉ። አንድ ቀን ባዶ ማድረግ ይጎዳል። ባዶውን ማሳደር፣ ሳምንት ማቆየት ግን ይገድላል። ሠርግ ወይም ልቅሶ ኖሮ ሌሊቱን ሙሉ መብራት በርቶ ቢያድርና ባትሪው 11.9 ላይ ቢገኝ ያው የሆነ ነገር ነው። በነጋታው ሌላ ነገር ሳታበሩ እስከ ጫፉ ሙሉት። ያልተመለሰ ብድር ነው የሚያጠፋው።

ሌላም ነገር አለ። 100 አምፔር ሰዓት የሚለው ቁጥር ብዙውን ጊዜ የተለካው ቀስ ብሎ ሲወጣ ነው፤ 5 አምፔር ለ20 ሰዓት። 50 አምፔር ብትስቡበት ሁለት ሰዓት አይሰጣችሁም፤ ከዚያ በጣም ያንሳል። ፖይከርት የተባለ ጀርመናዊ ይህን ጠባይ በ1897 እ.ኤ.አ. በሒሳብ ጽፎታል። በፈጠነ ቁጥር የምታገኙት ያንሳል።

ታዲያ ቤቴን ምን ያህል ያስኬድልኛል?

እናስላው። 5 ዋት የሚበሉ አራት አምፖሎች ለ4 ሰዓት፦ 80 ዋት ሰዓት። 30 ዋት የሚበላ ትንሽ ቴሌቪዥን ለ4 ሰዓት፦ 120። ሁለት ስልክ ቻርጅ ማድረግ፦ 20 ገደማ። ድምሩ 220። ለ12 ቮልት ስታካፍሉት 18 አምፔር ሰዓት ይሆናል። ባለ 100 ባትሪ ካላችሁ ይህ አምስተኛው እንኳ አይደለም። ፀሐይ ሳይወጣ ሁለት ቀን ቢውል ግማሹ ላይ ሳትደርሱ ታልፉታላችሁ። ለአንድ ቤተሰብ ቆንጆ አቅም ነው።

ሒሳቡ የሚበላሸው በሌላ በኩል ነው። 100 ዋት ሰሌዳ በደህና ፀሐይ ቀን የሚመልሰው ከ25 እስከ 30 አምፔር ሰዓት ያህል ነው። በየማታው 50 የምታወጡ ከሆነ በየቀኑ 20 ይጎድላል። በሦስተኛው ቀን ባዶ ናችሁ። ሰው ያኔ «ባትሪው አነሰ» ብሎ ሁለተኛ ባትሪ ይገዛል። አሁን የሚራቡት ሁለት ሆኑ። ያነሰው ሰሌዳው ነበር። ገንዘብ ካላችሁ ቀድማችሁ ሰሌዳ ጨምሩ።

ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ኃይል የሚለውጠው ዕቃ) ካለ ደግሞ ምንም ሳይሰካበት ራሱ ይበላል። 10 ዋት ቢበላ በ24 ሰዓት 240 ዋት ሰዓት ነው። ከላይ ያሰላነው ቤት ሙሉ ፍጆታ ማለት ነው! ሥራ ሲያበቃ ከማብሪያው አጥፉት። የእንጀራ ምጣድና ስቶቭ ግን በባትሪ አይታሰብም። 1,000 ዋት ስቶቭ ከ12 ቮልት ባትሪ ከ90 አምፔር በላይ ይስባል።

ኢንቨርተሩ ባትሪው ሲያልቅ ራሱ ያጠፋል፤ ለምን ልጨነቅ?

ኢንቨርተሩ የሚጠብቀው በአብዛኛው ራሱን ነው። ብዙዎቹ 10.5 ቮልት አካባቢ ላይ ነው የሚዘጉት። ቀላል አምፖል ብቻ በርቶ 10.5 የደረሰ ባትሪ ተሟጦ አልቋል፤ ዘሩም ተበልቷል። ጩኸቱን ስትሰሙ ረፍዷል።

በሰሌዳውና በባትሪው መካከል ሆኖ ሙላቱን የሚቆጣጠረው የሶላር ኮንትሮለር ይሻላል። ብዙዎቹ 11 ቮልት ሳይደርስ፣ ትንሽ ከፍ እንዳለ ይቆርጣሉ። የሚስተካከል ከሆነ 11.8 ላይ አድርጉት፤ ይህ ዕቃ እየሠራ የሚነበብ ቁጥር ነው፣ አርፎ ሲለካ ከፍ ይላል። ቴሌቪዥኑ ድራማው መሃል ላይ ሊጠፋባችሁ ይችላል፤ ባትሪው ግን ይቆይላችኋል። ያስተዋልኩት አንድ መጥፎ ልማድ አለ። ኮንትሮለሩ ሲቆርጥ ገመዱን ነቅሎ በቀጥታ ባትሪው ላይ ማሰር። እባካችሁ ይህን አታድርጉ።

የመኪና ባትሪ ለሶላር ይሆናል?

ይሠራል፤ አይቆይም። የመኪና ባትሪ ሰሌዳዎቹ ቀጫጭን ናቸው። ሞተር ለማስነሳት ለጥቂት ሴኮንድ ብዙ ኃይል እንዲተፋ ነው የተሠራው፤ ወዲያው ዲናሞው ይሞላዋል። ማታ ማታ ግማሽ እያወረዳችሁ ብትጠቀሙበት በጥቂት ወራት ይደክማል። ለሶላር የሚሆነው ወፍራም ሰሌዳ ያለው ነው፤ ሱቅ ላይ «ዲፕ ሳይክል» ወይም «የሶላር ባትሪ» በሉ። ስሙን ብቻ አትመኑ፤ አንሱት። አንድ ዓይነት አምፔር ሰዓት ከተጻፈባቸው ሁለት ባትሪዎች በጣም የቀለለው ውስጡ እርሳስ አንሶታል። ከመኪና ባትሪ ሌላ ምንም ከሌላችሁ፣ ከ12.4 በታች አታውርዱት።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ፀሐይ የለም። ምን ላድርግ?

ባትሪ በብዛት የሚሞተው በእነዚህ ሁለት ወራት ነው። ሬሳው የሚታየው ግን ኅዳር ላይ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የባትሪ የመጨረሻው አምስተኛ ሲሞላ በጣም ይዘገያል፤ የመጀመሪያው አራት አምስተኛ የፈጀውን ያህል ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። እንጅባራ ላይ ጭጋጉ እስከ ረፋድ ሲተኛ፣ ከሰዓት ደግሞ ዝናቡ ሲወርድ፣ ለዚያ የሚሆን ሰዓት አይገኝም። ባትሪው በየቀኑ ግማሽ ላይ ይውላል፣ ግማሽ ላይ ያድራል። ሰልፌቱ ሁለት ወር ሙሉ ይጋገራል።

ስለዚህ ክረምት ሲገባ ፍጆታችሁን ቁረጡ። ከሚያዝያ ጋር አንድ ዓይነት ማታ ማሳለፍ አይቻልም። አምፖሉን ሁለት አድርጉት፣ ቴሌቪዥኑን ለዜና ብቻ። ሰሌዳውን በየሳምንቱ ጥረጉት፤ የዛፍ ጥላ ካረፈበት ቅርንጫፉን ቁረጡ። ከተማ ዘመድ ያለው ሰው በወር አንዴ ባትሪውን ወስዶ በመብራት ቻርጀር ሌሊቱን ሙሉ ቢሞላው ትልቅ ውለታ ነው የሚውልለት። ከ100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ጋር የሚሄደው 10 አምፔር ገደማ የሚሰጥ ቻርጀር ነው።

ደጋና ቆላ ለውጥ አለው?

አለው። ቁጥሮቹ የተሰሉት ለ25 ዲግሪ ሙቀት ነው። ብርድ አቅም ይቀንሳል፤ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ባትሪው ከሚይዘው አንድ አምስተኛው ያህል ይቀንስባችኋል። ጮቄ ስር ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ባትሪው የደከመ የሚመስለው ለዚህ ነው፤ ሲሞቅ ይመለሳል። ሙቀት ግን ዕድሜ ነው የሚበላው። ከ25 በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል፤ ውሃውም ቶሎ ያልቃል። አባይ በረሃ ውስጥ ያላችሁ ባትሪውን ከቆርቆሮ ግድግዳ አርቁት፤ ጥላና ነፋስ ያግኝ።

ውሃ መቼ ልጨምር? ምን ዓይነት?

ነሐሴ ላይ ደንበጫ አካባቢ አጎቴ ቤት የገጠመኝን ልንገራችሁ። ባትሪው አልጋ ስር ነበር። ጎትተን አወጣነውና ቆቦቹን በሳንቲም ፈታሁ። አጎቴ እንዲታየኝ ብሎ ኩራዙን አስጠጋ። እጁን በፍጥነት መለስኩት። ቻርጅ ላይ ከዋለ ባትሪ ሃይድሮጂን ይወጣል። አየር ውስጥ 4 ከመቶ ከደረሰ በእሳት ይፈነዳል፤ የሚረጨውም አሲድ ነው። በስልኬ መብራት አየሁት። ከስድስቱ ሦስቱ ክፍል ውስጥ ውሃው ከሰሌዳዎቹ በታች ወርዷል። አየር ያገኘው ጫፋቸው ዱቄት የተነሰነሰበት መስሎ ነጥቷል።

«አያ፣ ምን ውሃ ነው ስትጨምሩበት የነበረው?» አልኩት።

«የምንጩን ነዋ ልጄ። እኛ የምንጠጣውን። ንጹሕ ነው።»

ለሰው ንጹሕ ነው። ለባትሪ አይደለም። የምንጭ ውሃ ውስጥ ለእኛ የሚጠቅመው ማዕድን ሰሌዳውን ያበላሸዋል። ማፍላትም አያድነውም፤ ውሃው ሲተን ማዕድኑ ይቀራል። የሚጨመረው ዲስትልድ ውሃ፣ የባትሪ ውሃ የሚባለው ብቻ ነው። አሲድ አትጨምሩ። የሚተነው ውሃው ነው፤ አሲዱ ውስጡ አለ። ስትገዙም ጠይቁ፤ የባትሪ ውሃና የባትሪ አሲድ ተመሳሳይ ጠርሙስ ውስጥ ሊሸጥ ይችላል።

ጊዜው ባትሪው ከሞላ በኋላ ነው፤ ሲሞላ ፈሳሹ ከፍ ስለሚል ቀድማችሁ ከሞላችሁት ይገነፍላል። ሰሌዳዎቹ ከተጋለጡ ግን እስኪሸፈኑ ብቻ ጨምሩ፣ ሙሉት፣ ከዚያ እስከ ምልክቱ አድርሱት። በወር አንዴ ማየት ይበቃል። የታሸገውን በፍጹም አትክፈቱ።

የአጎቴ ባትሪ ሦስት ቀን ሞልተነው ሁለት አምፖል ለአንድ ሰዓት ያህል አበራ። ከዚያ በላይ አልሄደም።

ቻርጅ ሲደረግ ስንት ቮልት መድረስ አለበት?

ውሃ የሚጨመርበት 14.4 አካባቢ፣ ጄል (አሲዱ የረጋበት የታሸገ ባትሪ) ደግሞ እንደ አምራቹ ትንሽ ዝቅ ብሎ። ከሞላ በኋላ 13.5 አካባቢ ላይ ይያዛል። ኮንትሮለሩ ላይ የባትሪ ዓይነት መምረጫ ካለ በትክክል ምረጡ። የጄል ባትሪን በማይሆነው ቮልት መሙላት ያደርቀዋል፤ የደረቀ ጄል አይመለስም።

ጭራሽ የሞተ ባትሪ ይነሳል?

ሰሞኑን የወረደ ከሆነ በትንሽ አምፔር ለረጅም ሰዓት ብትሞሉት በከፊል ሊነሳ ይችላል። ወራት ባዶውን ከቆመ ተስፋው ጠባብ ነው። ሙሉ ቀን ቻርጅ ተደርጎ፣ አርፎ፣ 10.5 ገደማ ላይ ከቆመ አንዱ ክፍል ሞቷል፤ አትድከሙበት። «መድኃኒት» ጨምረን እንደ አዲስ እናደርገዋለን ለሚሉ ገንዘባችሁን አትስጡ።

አሮጌ ባትሪ ከአዲስ ጋር ላገናኝ?

አይሆንም። አሮጌው አዲሱን ወደ ራሱ ይጎትተዋል። ሁለት ከሆነ አንድ ዓይነት፣ አንድ መጠን፣ በአንድ ቀን የተገዙ ይሁኑ።

መሬት ላይ ማስቀመጥ ባትሪ ያወርዳል ይባላል።

የድሮዎቹ ሳጥናቸው እንጨትና ጎማ ነበር፤ ያኔ እውነትነት ነበረው። የዛሬው ፕላስቲክ ነው፤ መሬት አይጠጣውም። ቢሆንም ሳንቃ ላይ ማስቀመጡ ከእርጥበት ያድናል። ቁጭ ያለ ባትሪ የትም ቢሆን በራሱ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይወርዳል። የማትጠቀሙበት ከሆነ ሞልታችሁ አስቀምጡት፣ በየሁለት ወሩ ሙሉት።

ልጆች ባሉበት ቤት ምን ልጠንቀቅ?

ከሚተኙበት ክፍልና ከምድጃ አርቁት፤ አየር የሚያገኝ ቦታ ይሁን፣ ክዳን ያለው ሳጥን ውስጥ። ፖዘቲቩ አጠገብ ፊዩዝ አስገቡ። ስትሠሩ ቀለበትና ሰዓት አውልቁ፤ ሁለቱን ራስ የነካ ብረት ወዲያው ይግላል። አሲድ ቆዳ ላይ ከፈሰሰ በብዙ ውሃ ታጠቡ። ዓይን ከነካ ቢያንስ 15 ደቂቃ ሙሉ በሚፈስ ውሃ እጠቡና ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ያለቀውን ባትሪ ምን ላድርገው?

አትስበሩት፣ አሲዱንም ጓሮ አትድፉት። እርሳስ አፈር ውስጥ ይቀራል፤ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል፣ ጉዳቱም አይመለስም። ቤት ውስጥ እርሳሱን የሚያቀልጡ ሰዎች ካያችሁ ልጆቹን ከጭሱ አርቁ። አሮጌ ባትሪ ዋጋ አለው፤ እርሳሱ ተመልሶ ይሠራበታል። ሳይከፈት፣ ቆቡ እንደተዘጋ፣ ቀና ብሎ ተቀምጦ ለባትሪ ነጋዴ ይሸጥ። አዲስ ስትገዙም አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከዋጋው ላይ እንዲቀንሱላችሁ ጠይቁ።